ሳይቀምሱ የማይመሰክሩት አያቴ

አያቴ ባሕር ዳር ማር ነጋዴ ነበሩ። ከጣና ማዶ፣ ከደልጊ በጀልባ የመጣላቸውን ማር በጣታቸው ጫፍ ሳይቀምሱ «ጥሩ ነው» አይሉም፤ አምጪው የሥጋ ዘመዳቸው ቢሆን እንኳ።

በደርግ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አፉን በሚጠብቅበት ዘመን፣ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ዛለ። ከእጃቸው የባሰብን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋላቸው ነበር። ማር አጠገባቸው ብናስቀምጥም ዞር ብለው አያዩትም። ሐኪሙ ይህ ሐዘን ስትሮኩ ያመጣው በሽታ መሆኑን ነገሩን፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቀው ቶሎ ይሠራል ያሉትን መድኃኒት ሞከሩላቸው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ «እንዴት ሆኑ?» ሲሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ልማዳችን ቀድመን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አልን። ሐኪሙ ደስ ብሏቸው ሊጽፉ ሲሉ አያቴ በተጣመመ አፋቸው፣ «አልሐምዱሊላህ ምስጋና ነው፣ ዶክተር፤ ምስክርነት አይደለም። መድኃኒትዎ አልሠራልኝም» አሉ።

እኛ አቀረቀርን። ሐኪሙ ግን አመስግነዋቸው መድኃኒቱን ቀየሩት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት፣ አያቴ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ማሩን ቀመሱና «ይሄ ስኳር አለበት! ማነው የተቀበለው?» ብለው ተቆጡ። ያን ቁጣ ስሰማ በደስታ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አብረውን ኖሩ።

አሁን መደባቸው ባዶ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል።

«አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ እሳቸውን ስለ ሰጠን ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

ደህና ግን አይደለሁም።