የጀልባዋ ፋኖስ ሁለተኛ ቀለበት

ሐሙስ፣ ከካራ ወደ እንጦጦ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከካራ ተነሣሁ። መንገዴ ወደ እንጦጦ ነው፤ የምሄደውም በገዛ እጄ የጣልኩትን አንድ የናስ ቀለበት ፍለጋ ነበር። ቀለበት ስል የጣት አይደለም። የሻይ ሰሃን የሚያህል፣ ግራና ቀኙ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ችንካሮች የወጡለት ቀለበት ነው። እስከ ቅዳሜ ቀትር ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካላደረስኩት፣ እህቴ ጽጌ ሁለት ዓመት ደጅ የጠናችባት ጀልባ ሽንኩርት መጫኛ ልትሆን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ካራ፣ በኮተቤ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ታናሽ እህቴ ጽጌ ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የተመደበች ጤና ረዳት ናት። ምጥ የጠናባት ሴት ከደሴቱ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ የምትሻገረው በደንገል ታንኳ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ጽጌ አንዲት ወላድ ይዛ አመሻሽ ላይ ስትሻገር የያዘችውን ፋኖስ ነፋስ አጠፋባት። ዳር ሲደርሱ ሴትዮዋ ደሟ ፈስሶ አልቋል። ጽጌ ስለዚያ ቀን የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደሙን አላየሁትም።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን በአንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ ጣለች። አንድ የውጭ አገር ሰው ትቷት የሄደ፣ ሣር የበቀለባት፣ ግን እንደ ትንሽ ቤት ክፍል ያላት ጀልባ ናት። የአውራጃው ኮሚቴ፣ መኝታና የማይጠፋ መብራት ከተበጀላት ለሕሙማን ትሁን፣ ካልሆነ ለአትክልት እርሻው ትሰጥ ብሎ ወሰነ። ጽጌም የጀልባዋን የውስጥ ዕቃ ሁሉ አስነቅላ በጭነት መኪና ካራ ድረስ ላከችልኝ።

ሃያ ዓመት እንጨት ስቆርጥ እንዲህ ያለ ዕቃ አላየሁም። አንድም ቀጥ ያለ የግድግዳ ሳንቃ የለም። መሳቢያዎቹ ወደ ላይ ብድግ ካላደረጓቸው አይከፈቱም፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ተንሸራትተው እንዳይወጡ ነው። ጠረጴዛዋ ዙሪያዋን ጣት የምታህል ክፈፍ አላት፤ ሰሃን እንዳይወድቅ። የበሰበሰውን በጥድ ተካሁ፤ አግዳሚውን ሰው እንዲያስተኛ አሰፋሁት፤ ብርሃን እንዲበዛ ውስጡ ሁሉ ነጭ ቀለም እንዲቀባ መከርኩ። በዚህ ሁሉ ኮርቼ ሳለ ፋኖሱ ዘንድ ደረስኩ።

ፋኖሱ በሁለት ቀለበቶች ውስጥ የተቀመጠ ነበር፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ነካ ሲያደርጉት ወዲህም ወዲያም ይወዛወዛል። በእኔ ሞያ ታዲያ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የላላ ነው። የውጪውን ቀለበት አውጥቼ ከቁርጥራጭ ጋር ጣልኩና፣ የውስጡን በአራት ቪቴ ከግድግዳው መያዣ ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሊያየው የመጣ ጎረቤት ሁሉ ነቅንቆት፣ ንቅንቅ አለማለቱን አይቶ አመሰገነኝ።

ዕቃውን ዝዋይ ወስጄ ጀልባዋ ውስጥ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት በኮሚቴው ፊት ሙከራ ተደረገ። ጀልባዋ ሸራዋን ዘርግታ ገና ጎኗን ስታዘነብል ፋኖሱም አብሯት አዘነበለ። ላምባው አልጋው ላይ ፈሰሰ፣ ብርጭቆው ጠቁሮ ተሰነጠቀ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ጀልባ ነጂው፣ በሐይቁ ላይ ያረጁ ሽማግሌ፣ መያዣውን በጣታቸው ዳሰሱና «ሌላ ቀለበት ነበረው፤ የት አደረስከው?» አሉኝ። የውጪው ቀለበት ጀልባዋ ወደ ጎን ስትጋደም፣ የውስጡ ወደ ፊት ስትነቀነቅ ፋኖሱን ቀጥ አድርገው እንደሚያቆሙት ያኔ ገባኝ። አፈርኩ። ጽጌ ጎንበስ ብላ አልጋው ላይ የፈሰሰውን ላምባ ትጠርግ ጀመር። ኮሚቴው እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠን።

ካራ ተመልሼ ቁርጥራጩን ስበረብር ቀለበቱ የለም። ባለቤቴ ናት ያስታወሰችኝ፤ ጥድ የሚያመጡልኝ የእንጦጦው አቶ ገለታ «ይቺ ለምን ትጣላለች?» ብለው በበቅሏቸው ጭነው ወስደዋታል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ከመገናኛ በአሥራ አምስት ሳንቲም የከተማ አውቶቡስ ይዤ፣ ቀሪውን በእግሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ አቀበት ነው። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ትንፋሼ ተቆራርጦ እወጣለሁ። አንዷ እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው እያረፉ አዩኝና፣ ወደ ራጉኤል በየት ይኬዳል ብላቸው፣ ባሕር ዛፉ እስኪያልቅ ሂድ፣ ገብስ ስታይ ደርሰሃል አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዛፉ አለቀና፣ ነፋስ የሚያስተኛው ገብስ፣ ከገብሱ ማዶም ቤተ ክርስቲያኑ ታየ።

አቶ ገለታ ከደብሩ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ጠላ አቀረቡልኝ፤ እንደማልጠጣ ያውቃሉና «ለጴንጤው እርጎ አምጡለት» ብለው ሳቁ። እርጎውን ጠጥቼ የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ።

«ለራጉኤል ሰጠኋት» አሉኝ። «ስለት ነበረብኝ። ዳማ ሆዷን ታማ ተጋድማ ነበር። ከተነሣችልኝ የሚያበራ ነገር አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተነሣች።»

ዳማ በቅሏቸው ናት። አጥሩ ሥር ጭድ እያኘከች ነገሩ የማይመለከታት መስላ ቆማለች። ስለ ጀልባዋ፣ ስለ እህቴ፣ ደሟ ፈስሶ ስለሞተችው ሴት አጫወትኳቸው። አዘኑ፤ ከንፈራቸውንም መጠጡ። ግን ዓይናቸው ከበቅሏቸው አልተነሣም። በገባ ስለት ላይ እጅ መዘርጋት ቀላል እንዳልሆነ፣ ዳማ ብትሞት ደግሞ የቤቱ እንጀራ አብሮ እንደሚሞት ነገሩኝ። ልቀየማቸው አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን እፈራለሁ።

በመጨረሻ ሁለታችንም ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድን። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው በመጠኑ የከበዳቸው አባት ናቸው። ሁለታችንንም ተራ በተራ ሰሙ። ከዕቃ ቤት በጨርቅ የተጠቀለለች ቀለበቴን አምጥተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ሁለቱ ችንካሮች አሉ።

«ስለትህ ምን ነበር ገለታ?» አሉ።

«የሚያበራ ነገር፣ አባ።»

«ይህች ቀለበት ብቻዋን ታበራለች? ከገባች ጀምሮ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ምጥ ለያዛት ሴት ስታበራ ነው ስለትህ የሚደርሰው። ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ በዚህ ሰው እጅ ላከው።»

አቶ ገለታ ቀለበቷን ከቄሱ እጅ ተቀብለው ተሳለሟትና ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ደስታዬ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ ለደብሩ ከጥድ የተሠራ መቅረዝ አበጃለሁ አልኩ። ቄሰ ገበዙ ከየትኛው ደብር እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የእኛ ጸሎት ቤት ተዘግቶ፣ በየሰው ቤት መጋረጃ ጋርደን የምንጸልይበት ጊዜ ነበርና ወደ አቶ ገለታ ዞርኩ። እሳቸውም ወደ ቄሱ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉ። ቄሱ አየት አደረጉኝ።

«ጥዱ የእንጦጦ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እጁ ያንተ ይሁን።»

ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ወደ ዝዋይ

ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት በኪሴ፣ ቀለበቷን በሸሚዜ ውስጥ በገመድ አንጠልጥዬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ በቅርጫት ሁለት ዶሮ ይዘው ነበር፤ እስከ ሞጆ አንደኛዋ ኮሌታዬን በአፏ ስትቆነጥር ሄደች። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንድ ወጣት ወታደር ገመዱን ስቦ ቀለበቷን አወጣና ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። የፋኖስ ናት አልኩ። ፋኖሱስ? ዝዋይ ነው። ፋኖስና ቀለበቱ ለምን ለየብቻ እንደሚጓዙ አስረዳ ሲለኝ ታሪኩን ከሥሩ ጀመርኩ፤ ገና ጽጌ ጋ ሳልደርስ ሰልቸት ብሎት «ውጣ፣ ውጣ» አለኝ።

ከመቂ በኋላ ሙቀቱ ይለያል። ግራሩ ጥላውን ዘርግቶ ከብት ሥሩ ተኝቷል፤ የእንጦጦ ብርድ ከአጥንቴ ወጣ። ዝዋይ ስደርስ ጽጌ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች። ቀለበቷን ከሸሚዜ ሳወጣላት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሐይቅ ዳር ባለች ጎጆ በአንድ ብር ተኩል ለሁለት የሚበቃ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በላን። ማታውን ዓሣ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ እንደማያውቅ ደጋግሜ ስነግራት፣ «ጋሼ፣ አሁን ተኛ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ በሐይቁ ላይ

ጠዋቱን አራቱን ቪቴዎች ፈታሁ። ያኔ በማጥበቄ የኮራሁትን ያህል አሁን ለመፍታት ላብ አጠመቀኝ። ጀልባ ነጂው ሽማግሌ ጠብታ ዘይት በችንካሮቹ ላይ አደረጉልኝ። ቀለበት በቀለበት ገባ፣ አዲስ ብርጭቆ የተገዛለት ፋኖስ ተሰቀለ፣ በትንፋሼ እፍ ስለው ዘንበል አለና ተመልሶ ቆመ።

ከኮሚቴው የመጡት ጓድ በላይ የሚባሉ፣ ደረታቸው ላይ እስክሪብቶ የደረደሩ፣ ማክሰኞ ዕለት ላምባ ጫማቸው ላይ የፈሰሰባቸው ሰው ናቸው። ፊታቸው አልተፈታም። ሽማግሌው ነፋሱ የሚነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው ብለው አስጠበቁን። ውሃው ነጭ ነጭ ማለት ሲጀምር ወጣን። ጨለማ እንዲሆን የክፍሏን ትናንሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን ፋኖሱን ለኮስን።

ጀልባዋ ጎኗን ጣል አደረገች። መሳቢያዎቹ በቦታቸው ቀሩ። ጽጌ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው መቀስ ተንሸራቶ ክፈፉ ጋ ቆመ። እኔ፣ ጽጌ፣ ግድግዳው፣ ሁላችንም አዘነበልን። ፋኖሱ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ላምባው አልፈሰሰም፤ ነበልባሉም አልተንቀጠቀጠም። ጓድ በላይ ይህን አይተው አላመኑም መሰለኝ፣ ወላዷ በምትተኛበት አልጋ ላይ ራሳቸው ተጋደሙና ከኪሳቸው ጋዜጣ አውጥተው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ሙሉ ዓምድ አነበቡ። ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ሐይቁ ሆዳቸውን አናወጠው። ጽጌ ባልዲ አቀረበችላቸውና ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች እስከ ዳር አስታመመቻቸው። የጀልባዋ የመጀመሪያ በሽተኛ እሳቸው ሆኑ።

ዳር ወርደው ትንሽ ከተቀመጡ በኋላ የፈቃዱን ወረቀት ከጽጌ ተቀበሉ።

«አልጋው ይመቻል» አሉና ፈረሙ።

እሑድ፣ ካራ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ሥራ ቤቴ በር ላይ አንድ ጎረቤት ያስቀመጠው ወንበር ቆሞ ነበር፤ አንድ እግሩ ይነቃነቃል። ካቻቪቴዬን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩትና ጎረቤቴ ቤት ድረስ ሄጄ፣ ይህ ወንበር ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ነካ ያደረገኝ ነገር ያለ መስሎት ሳቀ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ከማጥበቄ በፊት መጠየቅ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ሊማረው የሚያሳፍር ትምህርት ነው፤ ግን ተምሬዋለሁ።

ወር ከምናምን በኋላ መቅረዙ አለቀና ተሸክሜ እንጦጦ ወጣሁ። ዳማ ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች። በዚያው ሰሞን የጽጌ ደብዳቤ ደርሶኝ ስለነበር፣ በራጉኤል ቅጥር ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለአቶ ገለታና ለቄሰ ገበዙ አነበብኩላቸው። አቶ ገለታ ማንበብ አይችሉም፤ ቄሰ ገበዙ በደንብ አይሰሙም፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ደብዳቤው አጭር ነበር።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አንዲት ወላድ አሻገርን። ነፋሱ ከባድ ነበር። መሃል ሐይቅ ላይ ደም ጀመራት። አየሁት። ቶሎ ደረስኩበት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

አቶ ገለታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እስቲ አየሁት ያለችውን ድገምልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።