የነጅሚያ ሰዓት

ልጅ ሳለሁ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ ጆንያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን፤ ጋሼ ሸምሱ እንላቸው ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበርና፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ የከሰል ምድጃቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ የተቀደደ ጆንያ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በትልቁ መርፌ እየሰፉ ተረት ይነግሩን ነበር። በርበሬ የተጫነበት ጆንያ ከሆነ እኛ እናስነጥሳለን፣ እሳቸው ይስቁብናል። ስለ ጅብ ሲያወሩ ራሳቸው ጅብ ይሆናሉ፤ ደግነቱ ጅባቸው ሁሌም ሞኝ ነበር።

በአንዱ ዓመት ግን ታላቅ እህቴ ነጅሚያ ተረት ልትሰማ መምጣት ተወች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በተረቱ መሀል ገብታ «ውሸት!» የምትል፣ ሳቋ ከግቢ አልፎ መንገድ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ቀስ በቀስ ዝም አለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ምግብ ሲቀርብ አንድ ሁለቴ ጎርሳ ትነሳለች። ይህን አይተን ያደረግነው ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ደስ አለን። ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው አባቴ «ልጅቷ በሰለች» አለ። እናቴም ለጎረቤት ሴቶች «አልሐምዱሊላህ፣ አደበችልኝ» እያለች ታወራ ነበር፤ እነሱም «ለእኛም ልጆች እንዲህ ያለ አደብ ይስጥልን» ይላሉ። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። ድሮ የማታስነካኝን ቀይ ሻርፕ ሰጠችኝ፤ በሳምንቱ ደግሞ አጎታችን ከጅዳ ያመጣላትን ሰዓት እጄ ላይ አሰረችልኝ።

«ያንቺ ይሁን፣ ፎዚ» አለችኝ። ሰፍቶኝ እስከ ክርኔ ይንሸራተት ነበር።

ያን ዕለት ምሽት የጋሼ ሸምሱ ተረት ጅብ አልነበረበትም። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር፤ እሳቸውም አልቆሰቆሱትም። እያወሩ ዓይናቸው እኛ ቤት መስኮት ላይ ነበር።

አንድ እንግዳ ነበር አሉ፤ በር የማያንኳኳ፣ ኮቴው የማይሰማ። አንድ ቤት ገባና መጀመሪያ የልጅቱን ሳቅ ወሰደ፤ ቤተሰቡ «እሰይ፣ ጸጥታ አገኘን» አለ። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቷን ወሰደ፤ «ሆዳም አይደለችም» ብለው አመሰገኗት። ከዚያ እንቅልፏን ወሰደ፤ እሱን ማንም አላየም። በመጨረሻ ጆሮዋ ሥር «እንሂድ» አላት። ልጅቱም አምባሯን ለአንዷ፣ ጉትቻዋን ለሌላዋ ታድል ጀመር፤ ከዚያ መንገድ ተመላሽ የለማ።

 ሰዓቱ ያለበትን እጄን ወደ ኩራዙ አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ነጅሚያ እኮ ሰዓቷን ሰጠችኝ። ሻርፗንም።»

መርፌው ጆንያው ላይ ቆመ። «መቼ?»

«ሰዓቱን ዛሬ።»

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳይሉ ተነሱ። ያለዚያች ቃል ተረት አቁመው አያውቁም ነበር። ምርኩዛቸውን እንኳ ሳይዙ እናቴ ዘንድ ገቡና «ዘይነባ፣ ልጅሽ አላደበችም፤ ታማለች። ዛሬ ብቻዋን እንዳታድር» አሏት። እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

ነጅሚያ እንደተለመደው ወደ ግድግዳ ዞራ ተኝታለች። እናቴ አጠገቧ ጋደም ብላ ከጀርባዋ አቀፈቻትና፣ ምን እንደምታስብ በቀጥታ ጠየቀቻት። ነጅሚያ ፊቷን ሳታዞር «እማ፣ መኖር ደክሞኛል» አለች። ያኔ የሰማሁት የእናቴ ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ነገሩ ሕመም እንደሆነ፣ ጥጋብም ስንፍናም እንዳልሆነ ለወላጆቼ ደጋግማ አስረዳች። አባቴ ሼህ ጠርቶ ቁርአንም አስቀራላት፣ መድኃኒቷንም ሳያዛንፍ ይሰጣት ነበር። ወራት ፈጀ። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ድምጿን አዳምጥ ነበር፤ ካልሰማሁ ለመግባት እፈራለሁ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ዘላ ወጥታ ጆሮዬን ያዘችኝ።

«አንቺ ሌባ፣ ሰዓቴን አምጪ!»

እኔ ጮህኩ፤ እሷም ጮኸች። ሌላ ጊዜ «ዝም በሉ!» የምትለው እናቴ ከጓዳ እልል እያለች ወጣች።

ጋሼ ሸምሱ ያን ተረት አልጨረሱትም፤ ብንለምናቸውም እምቢ እንዳሉ ሞቱ። አሁን የእኔ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ ናት!» ሲለኝ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እጇ ነው፤ ሰዓቷ እንዳለ ለማየት።