ምርጊቱ እስኪደርቅ

አባዬ ጡረታ እንደወጣ «ገርጂ ላይ የጭቃ ቤት እሠራለሁ» ብሎ ተነሳ። ያኔ ገርጂ ገና ግማሹ የጤፍ ማሳ ነበር። ቤት የሚሠራ ሁሉ ብሎኬት ሲያስጭን፣ አባዬ ባሕር ዛፍና ጭድ አስመጣ። ከተማው ያደከመው ሰው መጥቶ መደቡ ላይ ቁጭ የሚልበት፣ ማንም የማይቸኩልበት ቤት ነበር ያማረው። ቦሌ ያለውን ቪላችንን በሰም ስትወለውል የኖረችው እናቴ ልትታመም ደረሰች።

«ሰው ከጭቃ ወደ ብሎኬት ይወጣል፤ ይሄ ሰውዬ ከብሎኬት ወደ ጭቃ ያወርደናል!»

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የምወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቦሌ መጥተው አባዬን ቢያጡት እናቴና እኔ ገርጂ ይዘናቸው ሄድን። አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ይረግጣል! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና ነጭ በነጭ እንደለበሱ ጭቃው ዳር ቆመው ለልጃቸው ጠየቁኝ። ለመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ ቀጠሮ እንጂ መልስ አይሰጥም። አባዬ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ጭቃ አየት አደረገና፣

«ምርጊቱ ሲደርቅ ተመለሱ» አለ።

ክረምቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ! እናቴ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች።

ሐምሌ ገባ። ልጁ ከሥራ በወጣ ቁጥር በታክሲ ገርጂ እየሄደ ግድግዳውን በጣቱ ይጫናል።

«ደረቀ?» እለዋለሁ።

«ምን ይደርቃል! በሶ ነው።»

አባዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ሲያጽናናው፣ «አባባ፣ እንቁላሉ ሄዶ እኔ ልቀር ነው እኮ!» አለው። በሳቅ ሞትን። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ልጁ ትዕግሥቱ አልቆ ከሰል ገዛ፣ ምድጃ ተዋሰና ግድግዳው ሥር ደርድሮ አቀጣጠለ። እኔ አራግባለሁ፣ እሱ ያስነጥሳል፣ ግድግዳው ይጨሳል። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ምርጊቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቆ አገኘነው። አባዬ አልተቆጣም። ጭድ ጨመረና «እንደገና» አለ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ የልጁ ቤተሰቦች ታክቷቸው «ሴት ጠፋ እንዴ?» ቢሉስ?

የፈራሁት አልቀረም። እናቴና እኔ እዚያው እያለን ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩ ገርጂ መጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«የልጁ ወገን ይቅርብን እያለ ነው። ዛሬ ቁርጡን ይንገሩን» አሉት።

አባዬ ዞር አለ። እኔን አየኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደና መዳፉን ለጠፈበት።

«ደርቋል» አለ።

እጁን ቶሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ግድግዳው ላይ ግን አምስት ጣቱ ከነመዳፉ ጠልቆ ታትሟል፤ ሁላችንም አየነው። ትልቁ ሽማግሌ አሻራውን ትክ ብለው አዩ፣ ሳቃቸውን ዋጡና፣

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል!» አሉ።

አባዬ ለማንም ቸኩሎ አያውቅም ነበር። እናቴ እልልታውን እስክትጀምር መጠበቅ አቃተኝ፤ ወግ የማታውቅ ሙሽራ ይበሉኝ ብዬ፣ እዚያው ጭቃው መሃል ለራሴው እልል አልኩ።