የወንድ እጅ ያወረደው ጠጅ

ጎረቤቴን ኦቢያጌሊን ዘንባባ ላይ ያየኋት በአጋጣሚ ነው። ማለዳ ቅጠል ልለቅም ወጥቼ ቀና ስል፣ የባሏን ሱሪ ለብሳ፣ መውጫ ገመዱን በወገቧና በግንዱ ዙሪያ ጠምጥማ፣ ከጣራዬ በላይ ተንጠልጥላለች። ልጮህ ነበር! በእኛ በኢግቦዎች መንደር ሴት ዘንባባ ላይ መውጣት እርም ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

«ብትጮኺ እወድቃለሁ» አለችኝ ከላይ። «የምወድቀው ደግሞ አንቺው ላይ ነው!»

አፌን ያዝኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያዝኩ።

ባሏ ኦዞኤመና ዘንባባ አናት ላይ እየወጣ ጭማቂውን በቅል የሚያወርድ፣ የታወቀ ጠጅ አውራጅ ነበር። ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ለሰው ሁሉ «ድኛለሁ» አለ እንጂ አልዳነም። አራት ልጆች አሏቸው፣ የሚያኖራቸው የዘንባባ ጠጅ ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ ማለዳ ታወርዳለች፤ እሱ ረፋዱ ላይ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቅሉን አንጠልጥሎ ወደ አደባባይ ያዘግማል። በደንባችን ጠጁን ያወረደ ሰው ቀድሞ ይጎነጫል፤ ሌላው የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦዞኤመና ይጎነጭና ለትልቁ ሽማግሌ ለማዚ ኤዜኦኬ ይቀዳላቸዋል። እሳቸውም ከንፈራቸውን እየመጠመጡ፣

«ይሄ ነው የወንድ እጅ! ሴት ብትነካው ኖሮ ይኮመጥጥ ነበር» ይላሉ።

እኔ ሳቄ ያመልጠኛል። ኦቢያጌሊ ግን አትስቅም። «ተንጠልጣይዋ እኔ፣ ተመስጋኙ እሱ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔንም ያንገበግበኝ ነበር።

ዘንድሮ በአዲሱ የያም በዓል፣ የዓመቱ የያም ሥር መጀመሪያ በሚቀመስበት ቀን፣ ከበሮው ግሎ ሰው ሁሉ አደባባይ በወጣበት፣ ማዚ ኤዜኦኬ ብድግ አሉ።

«ኦዞኤመና! ከአንተ የተሻለ እጅ የለንም። የአደባባዩን ዘንባባ ውጣና የበዓሉን ቅል አውርድልን!»

ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። እኔ ግን ዓይኔ ኦቢያጌሊን ፈለገ። አልወጣም ቢል ጉዳቸው ይፈላል፣ ዘንባባዎቻቸውም ተወስደው መውጣት ለሚችል ሰው ይሰጡባቸዋል። ቢወጣ ደግሞ ይሞታል። ያ ግትር ሰውዬ ታዲያ ገመዱን ይዞ እያነከሰ ወደ ግንዱ ሄደ! ሊወጣ ነው!

ኦቢያጌሊ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ገመዱን ከእጁ ነጠቀችው።

«ምነው ሴትዮ፣ ባልሽን ልታቅፊው ነው?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

ሽርጧን ሰብስባ ታጠቀች፣ ገመዱን ጠመጠመች፣ ወጣች። እንዴት ያለ አወጣጥ ነው! ገመዱን ወርወር፣ እግሯን ጠበቅ፣ ወርወር፣ ጠበቅ። ከበሮ መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ የጮኹት ልጆች ናቸው፤ ቀጥዬ እኔ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ቅሉን ይዛ ወረደች።

«እርም ነው!» አሉ ማዚ ኤዜኦኬ። «ይሄንን ማን ይጠጣዋል?»

«አባታችን» አለ ኦዞኤመና፣ «ሦስት ዓመት የጠጡት የእሷን ነው። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ አንድ ቀንም አልወጣሁም። እርም ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንን ይትፉት።»

አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ከዚያ አደባባዩ በሙሉ ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። እጃቸው ላይ ያለውን ዋንጫ ትክ ብለው አዩት።

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት።»

«አንድ ቀን እንኳ አልኮመጠጠም» አሉ ለራሳቸው። ዋንጫቸውንም ዘረጉ። «ደንቡን ታውቃላችሁ። ያወረደው ሳይቀምስ እኔ አልጠጣም።»

ኦዞኤመና በራሱ ዋንጫ ቀዳና እንደለመደው ወደ አፉ አስጠጋ።

«አንተን አላልኩም» አሉት።

ዋንጫውን ለሚስቱ በሁለት እጁ ሰጣት። ኦቢያጌሊ እንደ ሴት ደንብ አልተንበረከከችም፤ ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ማዚ ኤዜኦኬም ባዶ ዋንጫቸውን እንደዘረጉ ጠበቋት።