የጀልባዋ መስኮት ፍርግርግ

ኤርካሎ ሶዶ ውስጥ በርና መስኮት ሲበይድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌባ የሚፈራ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ የእሱን ፍርግርግ የሚያላቅቅ ገና አልተወለደም ይባላል። እኔና እሱ በአንድ አጥቢያ የምናመልክ የእምነት ወንድማማቾች ነን።

በ1993 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ያሉ ምእመናን በነፋስ ሸራ የምትሄድ አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበረቻቸው። አንድ ፈረንጅ ሰባኪ ነው ትቶላቸው የሄደው። በሽተኛ ከማዶ አምጥታ መኪና መንገድ ታደርሳለች፤ ከዚያ ሶዶ ወዳለው ኦቶና ሆስፒታል ይወሰዳል። የጀልባዋ ክፍል መስኮቶች ግን ሰፋፊ፣ የእንጨት ፍሬማቸውም የበሰበሰ ነበር። ማዕበል በመጣ ቁጥር በሽተኛው ውኃ ውስጥ ይተኛል። ሽማግሌዎቹ ኤርካሎን ለመኑት። ዋና አይችልም፤ ጀልባም ከዚያ በፊት ቀርቦ አላየም። ለጌታ ሥራ ነው ብሎ እሺ አለ።

የሠራው እንደ ሶዶ ቤት ነው። መስኮቶቹን በግማሽ አጠበባቸው። በብረት ፍሬም የማይከፈት መስታወት አስገባና ዙሪያውን ስቱኮ መረገ። ከውስጥ ደግሞ ፍርግርግ በየደባቸው። ፍርግርግ ያዘዘው ሰው የለም፤ እጁ ለምዶ ነው።

ጀልባ ነጂው ማቲ አይቶ ሳቀ። “ጋሽ ኤርካሎ፣ መሀል ሐይቅ ላይ የሚሰርቀን አዞው ነው?”

“ፍርግርግ የሌለው መስኮት ከእጄ አይወጣም” አለ ኤርካሎ።

እኔም ኤርካሎን ተከትዬ መጥቼ ነበርና ለሙከራ ሦስታችን ወደ ሐይቁ ወጣን። ኤርካሎ ውኃ የሚገባበትን ለማየት የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሩንም ዘጋ። እኔ ውጭ በመስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጀልባዋ ስትንገላታ ጣውላው ይለመጣል፤ ስቱኮ ግን መለመጥ አያውቅም። ተሰነጠቀና ቡናማው የአባያ ውኃ ይገባ ጀመር።

ኤርካሎ በሩን ገፋ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ አልነቃነቅ አለ። ከውጭ ብጎትት እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

“ማቲ፣ መልሳት” አልኩ።

“እየመለስኳት ነው። ነፋሱ ከፊት ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል።”

በመስታወቱ አየሁት። ሁለት እጁን ፍርግርጉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሰው እንደዚያ ቆሞ የማየው ወህኒ ቤት እስረኛ ልጠይቅ ስሄድ ነው።

“ውኃው የት ደረሰ?” ብዬ ጮህኩ።

“ጉልበቴን አልፏል። አንተ ጸልይ፤ እኔ ልገዝግዝ።”

የብረት መጋዙን፣ ሰጌቶውን፣ አውጥቶ የራሱን ብረት ይቆርጥ ጀመር። ጀልባዋ ስትዘም ሰጌቶው ያመልጠዋል። እኔ የምጸልየው ቃል ጠፍቶብኝ “አባት ሆይ” እያልኩ ብቻ እደጋግማለሁ። ከውስጥ “ማን ነው ይሄን የበየደው?” ሲል ሰማሁት።

ማቲ ከኋላ “ሌባ ቢሆን ይሄኔ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል፣ ጋሼ” አለ። ድምፁ ግን አይስቅም ነበር።

ሦስተኛው ብረት ሲቆረጥ መስታወቱን በመዶሻ ሰበረው። ደግነቱ ያ መስኮት ጀልባዋ ከፍ ባለችበት በኩል ነበር። ራሱ ወጣ፤ ትከሻው ግን እምቢ አለ። መስኮቱን ያጠበበው እሱ ነውና ማንንም መውቀስ አልቻለም። ተመልሶ ገባ።

ቀጥሎ የወጣው አንድ የዘይት ጣሳ ነው፣ ውኃ ሞልቶ። ተቀብዬ ደፋሁና መለስኩለት። እንዲሁ እሱ ሲቀዳ እኔ ስደፋ ሄድን። ክንዴ ዛለ። ውኃው ወገቡ ላይ ደረሰና በእግዚአብሔር ቸርነት ከዚያ አላለፈም። ዳር ስንደርስ በሩ ከመንደሩ በመጣ መጥረቢያ ተፈለጠ። ኤርካሎ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተንበረከከ፤ እኔም አጠገቡ።

በሳምንቱ ተመልሶ ፍርግርጎቹን አንድ ሳያስቀር ቆርጦ ጣለ። በስቱኮው ፈንታ የአሮጌ መኪና ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ቀዶ በፍሬሙና በጣውላው መካከል አጣበቀ፤ ጎማው ከጣውላው ጋር ይለመጣል። መስኮቶቹን መልሶ አሰፋቸው፣ ወደ ውጭም የሚከፈቱ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ረጠበ ሲባል አልሰማሁም።

ሶዶ ውስጥ ዛሬም ፍርግርግ ይሠራል፤ ሌባ መቼ ጠፋ። ግን በየቤቱ አንዱን ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚከፈት ያደርገዋል። ባለፈው ባለሱቁ ሳሊህ መስኮት ሊያዝዝ መጥቶ ሳለ፣ ኤርካሎ ሜትሩን ዘርግቶ የሰውየውን ትከሻ ይለካ ጀመር።

“ኧረ ኤርካሎ፣ ያዘዝኩህ ኮት ነው መስኮት?”

“ዝም ብለህ ቁም” አለው። “ቤት ውስጥ ካንተ የሚወፍር ሰው አለ?”