ጋሽ ከበደ ያልተነገራቸው ነገር

የሲን ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲነካካ አርባን ተሻገረ። ጠንቃቃ ነው፤ ጥንቃቄው አንዳንዴ ያናድዳል። ያን ቀን የጎረቤቱን የጋሽ ከበደን ታክሲ ሞተር የሚያዘውን ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሲያድስ፣ መብራት ቢሄድስ ብሎ ላፕቶፑን ሞልቶ፣ ትርፍ ባትሪ ከመኪናዋ ባትሪ ጋር አያይዞ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ጋሽ ከበደን «ቁልፉን እንዳይነኩ» ማለት። እንዴት ይበል? አባቱ የሞተ ለት ድንኳን የተከሉለት ሰው ናቸው። እንዲህ ያለን ሽማግሌ በገዛ መኪናቸው «አይንኩ» ማለት አፉን ያዘው። እሳቸውን ከመኪናቸው አጠገብ ትቶ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ወጣ።

ሲመለስ ላፕቶፑ ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። መኪናዋም አልነሳ አለች።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጋሽ ከበደና ሚስታቸው አልጋነሽ የሚተዳደሩት በዚህች ታክሲ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ እየጠፋ ቢያስቸግራቸው ነው ያመጧት።

የሲን ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ኃይል ለካ፤ ይደርሳል። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። መመርመሪያውን ሲሰካ የፍሬኑ ኮምፒውተር መለሰ፣ የማርሹም መለሰ፤ የሞተሩ ብቻ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን የዘጋው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሽ ከበደ ፊታቸው በርቶ። «ዳሽቦርዱ እንደበራ ጥለኸው ሄድክ። ባትሪ ሊጨርስ አይደል? ዘጋሁልህ።»

አሮጌው ፕሮግራም ተደምስሶ፣ አዲሱ ገና ግማሹ ሲጻፍ ነው ቁልፉ የተዘጋው። እንደገና ሊጭን ሞከረ፤ ገመድ ቀየረ፣ ባትሪ ነቅሎ ሰካ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። የማይሰማ ነገር እንዴት ይታዘዛል? ኮምፒውተሩን ከፍቶ በቀጥታ የሚጽፍበት መሣሪያ የለውም፤ ያለው ሰው ጋ ቢደውል «ይሄን ዓይነቱን አልነካም» ተባለ። ምትክ ዕቃውም አገር ውስጥ የለም። ንዴቱ መጣበት፤ ግን በማን ይናደድ?

«እና ችግሩ ከምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ከበደ። «ነገ ጠዋት ከስድስት ኪሎ የማነሳው ደንበኛ አለኝ።»

እውነቱን ቢነግራቸው፣ እንጀራቸውን በገዛ እጃቸው እንደዘጉ እያሰቡ ሊኖሩ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ለነገ አትደርስም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

የሲን የመኪናዋን ኮፈን ቀስ ብሎ ዘጋ።

ጋሽ ከበደ ዞር ብለው መኪናቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ፣ ሰው አይደለህ? ለወደፊቱ ቁልፍ ረስተህ ስትሄድ እኔ አለሁልህ።»