ያልታዘዘው ዶሮ

ክላይቭ ፔምበርተን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጥል የኖረ ሰው ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። የደቡብ ለንደን ግማሽ ሕዝብ አጠገቡ ተቀምጦ፣ መሪ ጨብጦ ተንቀጥቅጧል። አደባባይ ላይ የተደናገረውን፣ መስታወት ማየት የረሳውን፣ መኪና ሲያቆም የእግረኛ መንገድ ላይ የወጣውን ሁሉ፣ ፊቱን ሳያጠቁር ሳያፈካም፣ "አዝናለሁ፣ አላለፉም" ብሎ ሲሸኝ ኖሯል። ያለቀሱበት አሉ፤ የረገሙት አሉ። አንዲት ሴትዮማ በቦርሳዋ አቅምሳዋለች። ቅንድቡ አልተነቃነቀም።

ይኸው ሰው ከመኪናው ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከጆሮው በላይ ድረስ ሙልጭ አድርጎ ቢላጨው "ግሩም ነው" ይላል። የቀዘቀዘ ሻይ ቢያቀርቡለት "ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ" ይላል። ሥራ ላይ ሳለ እምቢታውን ሕጉ ይናገርለት ነበር፤ በገዛ አፉ ግን ለሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። ቧንቧ ሠሪ የምትቆጣው፣ የከረፋ ዓሣ ወደ ሱቅ የምትመልሰው ሚስቱ ግሌኒስ ናት። ይሉኝታን እኛ ብቻ የፈጠርነው የሚመስለው ካለ፣ ክላይቭን አላየም ማለት ነው።

ይሉኝታው ከሁሉ ይበልጥ ያስከፈለው ግን ዓርብ ዓርብ ማታ በሚበላበት ቤት ነው።

ቤቱ ከመንገዳቸው ጥግ ላይ፣ ቀድሞ የሰፈሩ ሰው ልብሱን ያጥብበት በነበረ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ነው። መስኮቱ ላይ በነጭ ቀለም "ዘመናዊ የአውሮፓ ምግብ" ተብሎ ተጽፏል። የትኛው አውሮፓ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሾርባው ከፈረንሳይ፣ ፓስታው ከጣሊያን፣ ዋጋው ከስዊዘርላንድ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የሚጻፈው ምግብ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ወንበሮቹ ሆን ተብሎ አንዱ ካንዱ አይገጥሙም። ሳህኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ምግቡ መሐሉ ላይ ጥብብ ብሎት ይቀመጣል። ሰፈሩ ግን ይወደዋል። ግሌኒስ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትወደዋለች፤ በእግሯ ሄዳ፣ በስሟ ተጠርታ የምትገባበት ምግብ ቤት በሕይወቷ ኖሯት አያውቅም።

በተከፈተ ሰሞን ባልና ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ፣ የቤቱ ባለቤትም ሼፍም የሆነችው ታምዚን ከማብሰያው ክፍል ብቅ ብላ ክላይቭን ስታይ ክው ብላ ቀረች። ቀይ ፀጉር ያላት፣ ክንዷ በእሳት ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ሳቂታ ሴት ናት።

"ሚስተር ፔምበርተን፣ ሁለት ጊዜ የጣሉኝ እኔ ነኝ እኮ" አለችው፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ።

ክላይቭ አላስታወሳትም፤ አፈረ ግን። ታምዚን በጣም የምትኮራበትን ምግብ ራሷ መርጣ እንደምታቀርብላቸው ነግራቸው ገባች። ለግሌኒስ ዓሣ መጣ። ለክላይቭ የመጣው በሰናፍጭ መረቅ የተሠራ የጥጃ ኩላሊት ነበር፣ ከተፈጨ ቀይ ሥር ጋር። ክላይቭ ደግሞ ኩላሊት አይወድም። አይወድም ማለት ያንሳል። ልጅ ሳለ እናቱ ሐሙስ ሐሙስ ስትቀቅለው ሽታው መጋረጃው ላይ ይሰነብት ነበር። ታምዚን እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጥታ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው ግን፣ ሁለት ጊዜ የጣላትን ልጅ በምን አንጀቱ ለሦስተኛ ጊዜ ይጣላት?

"እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም" አለ።

ውሸትም አልነበረም። ታምዚን ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ኩላሊት ነው። ሌላ የሚያዝዘው ሰው ስለጠፋ ከሰሌዳው ላይ ከተሰረዘ ቆይቷል፤ ለክላይቭ ብቻ ይሠራል። ሳይጠይቅ ይመጣለታል። በእረፍት ምክንያት አንድ ዓርብ ከቀረ በሚቀጥለው አስበልጣ ትቆልልለታለች። እሱም በዳቦ እየሸፈነ፣ በወይን ጠጅ እያወራረደ፣ ግሩም ነው እያለ ይውጣል። ግሌኒስ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ "ይኼ ሰውዬ ኩላሊት ካየ እኔንም አያየኝ" እያለች ለአስተናጋጆቹ ትቀልዳለች።

ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሰሌዳው ላይ የማይጠፋ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የሚታዘዝ ሙሉ ዶሮ አለ። ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ፣ ቆዳው ወርቅ መስሎ፣ ስቡ የተንጠባጠበበት ዳቦ ከሥሩ ተነጥፎለት፣ በክላይቭ ጆሮ ግንድ በኩል ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ያልፋል። ለአንድ ሰው አይሸጥም። ስለዚህ ዶሮውን ለመብላት ክላይቭ ኩላሊቱን እምቢ ማለት፣ ከዚያም ግሌኒስን አብረን እንብላ ማለት ነበረበት። አንዱንም አላደረገም። ትልቅ ሰው፣ ጡረታ የወጣ ሰው፣ በገዛ ገንዘቡ የጎረቤት ጠረጴዛ ዶሮ ሲያሸት ስምንት ዓመት ኖረ። ያናድዳል።

በዚህ ዓመት ጉሮሮው ውስጥ የካንሰር ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሞቹ ይድናል ብለዋል፤ ግን ከሰኞ ጀምሮ የጨረር ሕክምና ይጀምራል። ነርሷ አስቀምጣ አስረዳችው። ምላሱ ጣዕም መለየት ያቆማል፤ ምግብ ሁሉ እርጥብ ካርቶን ይሆንበታል። ከወራት በኋላ ጣዕሙ ሊመለስ ይችላል፤ የማይመለስላቸውም አሉ። እስከዚያ ድረስ የሚወደውን ሁሉ እንዲበላ መከረችው። ክላይቭ "ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ቁርጡን አወቀ። ዛሬ ዶሮውን ካልበላ መቼም አይበላውም፤ ቢበላውም አያውቀውም። እየተላጨ መስታወት ፊት ተለማመደ። "ታምዚን፣ ዛሬ ዶሮውን ነው የምንፈልገው።" ይኼው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሕፃን ልጅ የሚለው ነገር ነው። ደጋግሞ አለው። ድምፁ ጥሩ ወጣለት።

ያላወቀው፣ ግሌኒስ ማክሰኞ ዕለት ለታምዚን ደውላ ሁሉን ነገር እንደነገረቻት ነው። ስለ ጉሮሮው፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ጣዕሙ። ሁለቱ ሴቶች ስልክ ላይ ተላቅሰዋል።

በሩን ከፍተው ሲገቡ ታምዚን ከነሽርጧ ወጥታ ክላይቭን እቅፍ አደረገችው። ሽንኩርትና ቅቤ ትሸታለች። ጠረጴዛቸው ላይ አበባ ተቀምጧል። ክላይቭ ገና ሳይቀመጥ፣ የተለማመደው ሳይጠፋበት፣ "ታምዚን፣ ዛሬ እንኳ እኛ..." ብሎ ጀመረ።

"ምንም እንዳይሉኝ፣ ሚስተር ፔምበርተን" አለችው። "ሌሊት ተነስቼ ሥጋ ገበያ ድረስ ሄጃለሁ። የዛሬው ኩላሊት የሌላ ቀን ኩላሊት አይደለም።"

"ምን ያህል ደግ ነሽ" አለ ክላይቭ።

ተቀመጠ። በራሱ ተናደደ፤ ከዚያ በታምዚን፣ ከዚያ አበባውን አይቶ ነግራታለች ብሎ በጠረጠራት በግሌኒስ፣ ከዚያ ዞሮ እንደገና በራሱ። ግሌኒስ እጁን ያዝ አድርጋ፣ ደስ አለህ አይደል አለችው። ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ቅጽበት አንድ ዶሮ በጆሮው ግንድ አልፎ አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የተቀመጡት ገና እጅ ለእጅ የሚያያዙ ጎረምሳና ኮረዳ ናቸው። ልጅቷ ጭኑን ስትገነጥለው ቆዳው ሲንኮሻኮሽ ክላይቭ ሰማው።

ኩላሊቱ መጣ። የሁለት ሰው ነው። ቀይ ሥሩ በሳህኑ ዙሪያ ተስሏል፤ መረቁ ያብለጨልጫል። ክላይቭ አንድ ቁራሽ ቆረጠ። ወደ አፉ አስጠጋው። የእናቱ መጋረጃ ሸተተው። ሹካውን መልሶ አስቀመጠ።

"ግሌኒስ፣ እኔ ኩላሊት አልወድም።"

"ጉሮሮህን አሞህ ነው?"

"አይደለም። ወድጄው አላውቅም።"

ግሌኒስ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ፊቱን ስታየው ሳቋን አቆመች።

"ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ።"

ግሌኒስ ወይን ጠጁን ገፋ አድርጋ፣ "ቶርኪስ?" አለችው። ቶርኪ በየነሐሴው የሚሄዱበት የባሕር ዳርቻ ነው። ክላይቭ የጨው ዕቃውን ያይ ጀመር።

"የሳሎኑ አረንጓዴ ግድግዳስ?"

"እሱን... ለመድኩት።"

ግሌኒስ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ስትቆጣ የምትጮህ ሴት ለእንዲህ ያለው ቁጣ ድምፅ አጥታ ነው። "ለእህቴ ምን እንደምላት ታውቃለህ? እኔና ክላይቭ የምንወደው አንድ ነው እላታለሁ። ሁልጊዜ ነው የምላት። ለካ ብቻዬን ነው ስወድ የኖርኩት።"

ክላይቭ ይቅርታ ሊል ነበር፤ ይቅርታም ማለት ለምዶበታልና ዋጋ እንደሌለው ገባው።

"እኔንስ?" አለች። "እኔንም ግሩም ነው ብለህ ነው?"

"አንቺን ማንም አላቀረበልኝም" አለ ክላይቭ። "እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ።"

የግሌኒስ ዓይን ቀላ። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ በዚህ እንዲበርድላት የሚጠብቅ ካለ አያውቃትም።

"እንግዲያው ያኔ አፍ ነበረህ ማለት ነው" አለችው። "በል አሁንም አውጣው። እኔ አልነግርልህም።" እጆቿን አጣጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ታምዚን ከሩቅ ሳህኑ እንዳልተነካ አይታ ራሷ መጣች። ሳይበርድበት እንዲበላ ነገረችው። ክላይቭ ተናገረ። ኩላሊት እንደማይወድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማይወድ፣ ጥፋቱ የእጇ ሳይሆን የእሱ ምላስ እንደሆነ፣ እንደዋሻት ነገራት። ምስጋና ሳይጨምርበት፣ ሳያለሳልስ፣ ድሮ መኪና ውስጥ ይናገር እንደነበረው ነገራት። ታምዚን ወደ ግሌኒስ አየች፤ ግሌኒስ ከመስኮቱ አልተመለሰችም። ታምዚን ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ግንባሯ በርበሬ መሰለች።

"ታዲያ ምን ነበር የሚፈልጉት?"

"ዶሮውን።"

"ዶሮ አልቋል። የመጨረሻው ያውልዎ" አለች፤ ጎረምሳውና ልጅቷ አጥንት ወደሚግጡበት ጠረጴዛ በአገጯ አሳየችው። "ዛሬ ሌሊት ሥጋ ሻጩ ፊት ቆሜ ኩላሊት ሳስመርጥ ዶሮው እዚያው ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር። የፈለግኩትን ማንሳት እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፣ ሚስተር ፔምበርተን።"

ሳህኑን አንስታ ሄደች። ከማብሰያው ክፍል የብረት ድስት ሲወረወር ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ። ጎረምሳው ዞሮ አያቸው። ክላይቭ ተነስቶ መሄድ ፈለገ፤ ግሌኒስ ግን ኮቷን አላነሳችም። እንደተኳረፉ ተቀመጡ። እውነቱን ተናግሮ ሰው ቀለል ይለዋል የሚሉት ለክላይቭ አልሠራለትም። ሁለት ሴቶች አስቀይሟል፤ ሆዱ ባዶ ነው፤ ዶሮውን የጎረቤት ጠረጴዛ ልጆች ጨርሰውታል፤ ሰኞ ደግሞ ሰኞ ነው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ታምዚን በጨርቅ የያዘችውን አንድ ጥቁር መጥበሻ አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። አጠገቡ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ጣለች። አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች። የመጨረሻው ዶሮ የተጠበሰበት መጥበሻ ነው። ከሥሩ ስቡ ቡናማ ሆኖ ተጠራቅሟል፤ ጥጉ ላይ ያረረ ነጭ ሽንኩርትና የተጣበቀ ቆዳ ቀርቷል።

ክላይቭ ዳቦውን ቆርሶ መጥበሻውን ጠረገና ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ግሌኒስ እያየችው እንደሆነ ታወቀው።

"እንዴት ነው?" አለች፣ አሁንም ባኮረፈ ድምፅ።

ክላይቭ አላምጦ ዋጠ። "ጨው በዝቶበታል" አለ፣ እንደገና እየቆረሰ። "ሽንኩርቱም ትንሽ መሮበታል። ቆዳው ግን... ግሌኒስ፣ ቆዳውን ቅመሺው።"

እሷም ቆረሰች። ጨው በዝቶበታል አለች። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም ከየጥጉ እየጠረጉ መሐል ላይ ሲገናኙ ዳቦው አለቀ። ጥጉ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ግሌኒስ በልማዷ ዞር ብላ አስተናጋጅ ልትጠራ ስትል ክላይቭ ክንዷን ያዘ።

"ተይው። ዳቦውን እኔ እጠይቃለሁ" አለና እጁን አነሳ።

ታምዚን አይታዋለች። አይታው ስታበቃ ጀርባዋን ሰጥታ የሌላ ጠረጴዛ ብርጭቆ ትሰበስብ ጀመር። ክላይቭ እጁን አላወረደም።